ቅዳሜ ቅዳሜ ህጻናት ማሳደጊያ ልሄድ አስቤአለሁ፤ ምን ልሥራ?

ጠያቂ፦ የኮዬዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ ሒሳብ ያዥ። ለፋሲካ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ወደሚገኝ የህጻናት ማሳደጊያ ሄደን ነበር። ድፎ ዳቦና ለስላሳ ይዘን ገባን፤ ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወትን፤ ፎቶግራፍ ተነሥተን ተመለስን። ልንወጣ ስንል አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ «ነገም ትመጫለሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አልሄድኩም። ይኸው ሰኔ ገባ፤ ያቺ «አዎ» እንቅልፍ ነሥታኛለች።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። ልጅ የማሳደግ ልምድ ግን የለኝም፤ ገንዘቤም ብዙ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ የሠራችሁ ወይም ያደጋችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፦ ሞግዚት ነበርኩ

ልጄ፣ አቃቂ አካባቢ 11 ዓመት በሞግዚትነት ሠርቻለሁ። በበዓል ሰው አናጣም ነበር። አንድ ዓመት በእንቁጣጣሽ ሦስት ቡድን ተከታትሎ መጣ፤ ሦስቱም ኬክ ይዘዋል። ሌሊቱን የልጆቹን ሆድ ስናሽ ያደርነው እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን። ሐምሌና ነሐሴ ግን ዝር የሚል የለም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ የዋልካው ጭቃ ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ልብስ አይደርቅም። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ገመድ ወጥረን የ32 ልጅ ልብስ እንሰቅል ነበር፤ ምሳ ሲበሉ ከሹራቡ የሚንጠባጠበው ውኃ ሳህናቸው ላይ ያርፋል። ስለዚህ በክረምት ነዪ፤ እጅጌሽን ሰብስበሽ ነዪ።

መስፋት ከቻልሽ ደግሞ ሌላ ሥራ ልንገርሽ። ማንበብ የማይችሉት ትንንሾቹ ልብሳቸውን እንዲለዩ ከአንገትጌው በስተጀርባ በየራሳቸው ቀለም ክር ሦስት ስፌት እንሰፋላቸው ነበር። ቀለሙን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። እዚያ ቤት ሳህኑም መጫወቻውም የጋራ ነው፤ ያቺ ክር ግን የልጁ የብቻው ናት። አንዱ ልጅ ሹራቡ ጠቦት ለታናሹ ሲሰጥበት ክሩን በጥርሱ ነቅሎ ኪሱ ሲከት ደርሼበታለሁ። ለዚህ ሥራ ሁልጊዜ ሰው ይጎድላል።

ጨቅላዎቹን ግን እያነሣሽ አትቀፊ፤ ያንን ለሞግዚቶቹ ተዪላቸው። እንግዳ እያቀፋቸው የሚሄድ ልጆች በኋላ ያገኙት ሰው ላይ ሁሉ ይንጠለጠላሉ። ሰው ይህን አይቶ «እንዴት ወደደኝ!» ይላል፤ እኔ ግን አንጀቴ ይላወስ ነበር።

ልምድ የለኝም አልሽ። አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ድርቅ የጎዳቸውን ሁለት ልጆች ይዘው ነው ቤታቸው የገቡት። እስከ 2013 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ ከልጆች አልተለዩም። ከአንቺ የሚፈለገው ቅዳሜ ብቻ ነው።

መልስ፦ ያደግሁት እዚያ ነው

እኔ ያደግሁት ለገጣፎ በኩል በነበረ ማሳደጊያ ነው። እናቴ በሕይወት ነበረች። የቀን ሥራ እየሠራች ታመመችና የቤት ኪራይ ሲያቅታት አስገባችኝ። እንግዶች ግን «እናትህ እንዴት ሞተች?» ይሉኝ ነበር። የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም ስል ያለቅሳሉ፤ ከዚያ አብረውኝ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። እባክሽ አትጠይቂያቸው፤ ፎቶግራፍም አታንሺያቸው።

አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው መጥቶ ሒሳብ አስጠንቶናል። አንድም ቀን ከረሜላ ይዞ አልመጣም። አንዴ «በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ በሚከተለው ግን እመጣለሁ» አለን። ጠመኔ ሰርቄ ከአልጋዬ ሥር ግድግዳው ላይ ቀኖቹን እያሰመርኩ ጠበቅሁ። መጣ። አንቺም ሒሳብ ያዥ ነሽና ክፍልፋይ የከበደው ልጅ አታጪም።

መልስ፦ ማኅበራዊ ሠራተኛ

ከላይ በተባለው ላይ ጥቂት ልጨምር። መታወቂያሽንና ዋስሽን ሳይጠይቅ ከልጆች ጋር ብቻሽን የሚተውሽ ቤት ከሆነ ተጠንቀቂ፤ የሥራ ፈቃዱንም ጠይቂ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ፣ በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናት በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ይላል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ተስፋቸው ዘመድ፣ የአደራ ቤተሰብና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ነው። ስለዚህ ቤቱ ልጆቹን ከዘመድ ለማገናኘት ምን እንደሚሠራ ጠይቂ። ገንዘብ ስታገኚ የአንዲት እናት የጥቂት ወር ኪራይ ልጇን ወደ ቤት ሊመልስ ይችላል። ከላይ የጻፈው ወንድማችን ታሪክ እኮ ይኸው ነው።

ጠያቂ፦ የኮዬዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ደውዬ ኃላፊዋን አነጋገርኳቸው፤ ከሐምሌ ጀምሮ ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተስማማን። ለልጅቷ ምን እንደምላት ገና አላወቅሁም፤ ሳልዋሽ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ስለ ክሩ ስነግራቸውም ደስ አላቸው። እናቴ፣ ስንት ዓይነት ቀለም ልግዛ?

መልስ፦ ሞግዚት ነበርኩ

አሥራ ሁለት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆኑት ሁለት ቀለም አጣምሪላቸው። ነጭ አትግዢ፣ ከታጠበ በኋላ አይለይም። ቢጫ ግን ሁለት ጥቅልል ይሁን፤ እኛ ጋ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነበር።