ከኮሮላ በኋላ ምን ልግዛ? የቶዮታ ቤተሰብ ነኝ፣ ምከሩኝ

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ዲኤክስ ነበረው። እኔ መንዳት የለመድኩት በእህቴ ቪትዝ ነው። አሁን የያዝኳት የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት። ባለቤቴ ሲያገባኝ ኦፔል ነበረችው፤ ዓመት ሳይሞላ አሸጥኩት። እንዲህ ነን እኛ ቤት።

ኮሮላዋ ግን ደክማለች። ዘይት ትበላለች። ጠዋት ሳስነሳት ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ያጥነዋል፣ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። መካኒኬ «ወይ ኦቨርሆል ወይ ሽጪያት» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል።

ሌላ ኮሮላ እንዳልገዛ፣ ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ቆሟል። አገር ውስጥ ያሉት ያገለገሉት ዋጋቸው አይቀመስም። አንድ ደላላ ለአሮጌ ያሪስ የጠራልኝን ስሰማ ቤት የሚሸጥልኝ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ኤሌክትሪክ። የቶዮታዋ ቢዚ ፎር ኤክስ ወይስ የቻይናዋ ቢዋይዲ ሲጋል? ሲጋሏ በብዙ ትረክሳለች። ልቤ ግን ቢዚ ፎር ኤክስ ጋ ነው። ለምን ብትሉኝ ግንባሯ ላይ ያለው ምልክት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በየቀኑ ከሰሚት ሜክሲኮ እመላለሳለሁ። በወር አንዴ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ እንሄዳለን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆች። ስንመለስ ድንችና ባቄላው ሌላ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ጋራዥ ጎተራ፦
እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቶዮታን የወደድሽው ለምንድን ነው? እኔ ልመልስልሽ። ኮሮላሽ ብትሰበር ሶማሌ ተራ ሄደሽ ኦሪጅናሉንም፣ ታይዋኑንም፣ ከሌላ መኪና የተፈታውንም ታገኚያለሽ። የሰፈር መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። ልሽጥ ብትዪ በሳምንቱ ትሸጫለሽ። ያ ሁሉ አብሮሽ ወደ ቢዚ ፎር ኤክስ አይሄድም። ለእኛ ለመካኒኮች እሷም እንደ ሲጋሏ እንግዳ ናት።

ምልክቱም ቢሆን ዋስትና አይደለም። 2022 ላይ ቶዮታ ራሱ ቢዚ ፎር ኤክስን የጎማ ማሰሪያ ብሎን ሊላላ ይችላል ብሎ መልሶ ጠርቷታል። ተስተካክሏል፣ መኪናዋም መጥፎ አይደለችም። ግን እንደ አባትሽ ዲኤክስ 30 ዓመት የተፈተነች አድርገሽ አትያት።

ባይሆን ቢዚ ስሪ የምትባለዋን ሴዳን አይተሻታል? ቻይና የምትሠራ ቶዮታ ናት። ባትሪዋና ሞተሯ ግን የቢዋይዲ ነው። ምልክቱም አለሽ፣ ባትሪውም አለሽ። የቶዮታ ሰዎች ይህን ስነግራቸው ይቀየሙኛል።

ሲጋል ነጂ፦
ሲጋል አለኝ፣ እወዳታለሁ፣ ለአንቺ ግን አትሆንም። የአራት ሰው መኪና ናት፤ ከኋላ ሁለት ቀበቶ ብቻ ነው ያላት። ሦስተኛውን ልጅ የት ልታደርጊው ነው?

ደብረ ብርሃንም አለ። ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ወረቀቷ ላይ 405 ኪሎ ሜትር ይላል፤ እሱ የቻይና አለካክ ነው፣ ለጋስ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ስትሄጂ ዳገት ነው። ሰው ሞልተሽ ስትወጪ ፐርሰንቱ ዓይንሽ እያየ ይወርዳል። ስትመለሺ ቁልቁለቱ የተወሰነ ይመልስልሻል፤ እግርሽን ከነዳጁ (ልማድ ነው፣ ነዳጅ የለም) ስታነሺ ቻርጅ ታደርጋለች። 260 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ትችለው ይሆናል፣ አንቺ ግን መንገዱን ሳይሆን ስክሪኑን ስታዪ ትውያለሽ።

ሌላ ደግሞ፣ የትኛዋንም ብትገዢ ስኮርታ ጎማ አላት ወይ ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ የሚመጡት ነፊና ማጣበቂያ ብቻ ይዘው ነው። ስክሪኗም ቻይንኛ ብቻ እንዳትሆን፤ «በኋላ ይቀየራል» ካሉሽ ቀይረው ያሳዩሽ።

የኮንዶሚኒየም ጎረቤት፦
ስለ ቻርጅ ማንም አልመለሰላትም። እኛ ብሎክ ኮሚቴውን አስፈቅደን፣ ከየራሳችን ካርድ ቆጣሪ መስመር ወደ ፓርኪንግ አወረድን። በተራ ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚገባው። ትልቅ ባትሪ ከባዶ ልሙላ ካልሽ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ግን ማን ባዶ ያደርገዋል? ሰሚት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ሦስት ሰዓት ይበቃሻል፣ እራት በልተሽ ሳትተኚ ሞልታለች። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው፤ እኔ ከግማሽ በታች አላወርዳትም። ደግሞ ኤክስቴንሽን በመስኮት እንዳታወርጂ። አንዱ ጎረቤታችን አውርዶ ሶኬቱ ቀልጦ ነው የተገኘው።

የሰሚቷ፦
ጋራዥ ጎተራ፣ አስቀየምከኝ ግን እውነትህን ነው። ባለቤቴ ጽሑፍህን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ ኦፔሏን እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። ሲጋሏ ወጥታለች፤ ልጆቼ አሁንም መስኮት አጠገብ እኔ ልቀመጥ እኔ እየተባባሉ ነው። ቢዚ ስሪዋን ትልቁ ባትሪ ያላትን ለማየት ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ወረቀቷ 616 ይላል፣ ሲሶውን ባነሳለት እንኳ እናቴ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን የእኛን ኮሚቴ ማሳመን አለብኝ። ሊቀመንበሩ ምጣድ ሲሰካ እንኳ የሚቆጣ ሰው ነው።

ገዢ ነኝ፦
ኮሮላዋ ቦሎዋ ታድሷል? ሊብሬው በስምሽ ነው? ጭሱ ችግር የለም። የመጨረሻ ዋጋሽን ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ደላላ ግን እንዳይገባበት።