ጣሊያን ውስጥ ነን፣ የመኪና ፕሮግራማችን ዛሬ ተበላሸ! ምን እንቁረጥ?

ባለሻንጣዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ፖምፔ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነኝ። ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ከሮም ተነስተን፣ ፖምፔን አይተን፣ የአማልፊን ዳርቻ ነድተን እዚያው ልናድር ነበር። አሁን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል፣ ገና ከጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ መውጣታችን ነው። ቀሪው፦ ረቡዕ አማልፊ ዞረን ማታ ፍሎረንስ። ሐሙስ ፒሳና ቺንኩዌ ቴሬ። አርብ ቬኒስ። ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ መኪናውን ሚላኖ ማስረከብ። ልጆቹ እያለቀሱ ነው፣ እኔም ልጀምር ነው። ካርታው እኮ ከሮም 2 ሰዓት ተኩል ነበር ያለኝ!

ሦስተኛ ማርሽ፦ ካርታው አልዋሸም። እሱ ሽንት ቤት አይሄድም፣ ምሳ አይበላም፣ ማቆሚያ ፍለጋ አይዞርም። ከልጆች ጋር ስነዳ እኔ በካርታው ሰዓት ላይ ሲሶውን እጨምራለሁ።

የባቡር ወዳጅ፦ መጀመሪያ ነገር መኪና ምን አደረገላችሁ? ከናፖሊ ፍሎረንስ ፈጣኑ ባቡር 3 ሰዓት ገደማ ነው።

ባለሻንጣዋ፦ ወንድሜ፣ ተከፍሎበታል። አሁን ተቀምጬበት ነው የምጽፈው።

ጋሽ መሪው፦ ልጄ፣ በአውቶስትራዳ፣ በፈጣኑ የክፍያ መንገድ፣ ከ130 በላይ እንዳትነጂ። ሲዘንብ ወሰኑ 110 ነው። ሲገቡ ቲኬት ይወሰዳል፣ ሲወጡ ይከፈላል። ክፍያው በር ላይ ቢጫው መስመር ቴሌፓስ፣ ማለትም በራሱ የሚከፍል መሣሪያ፣ ላላቸው ብቻ ነው፣ እንዳትገቢበት። ዓለም አቀፉ መንጃ ፈቃድም ብቻውን አይበቃም፣ ዋናውን መንጃ ፈቃድሽን አብረሽ ያዢ። በእኛ ጊዜ ሰው ከመነሳቱ በፊት...

ሦስተኛ ማርሽ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ማቆሚያ ውስጥ ናት እንጂ ፈተና ላይ አይደለችም 😄

ቀስ በቀስ፦ እህቴ፣ ዛሬ እዚያው አካባቢ እደሩ። የአማልፊ መንገድ ጠባብና ጥምዝምዝ ነው፣ በጨለማ አይሞከርም። ነገ መኪናውን ሳሌርኖ አቁማችሁ በጀልባ አማልፊ ሂዱና እዚያው ሳሌርኖ እደሩ። ሐሙስ ፍሎረንስ። ፒሳ፣ ቺንኩዌ ቴሬና ቬኒስ ይሰረዙ።

ባለሻንጣዋ፦ የቬኒስ ሆቴል ተከፍሏል። አይመለስም። ፍሎረንስም እንደዚያው፣ ከነገ ጀምሮ ሁለት ሌሊት።

ቀስ በቀስ፦ ይህን እኮ ነው መጀመሪያ መናገር! እንግዲያው የሚቆረጠው አማልፊ ነው። የተከፈለበት አልጋ ነው ፕሮግራሙን የሚወስነው። ነገ ጠዋት በቀጥታ ወደ ፍሎረንስ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከነዕረፍቱ 7 ሰዓት ያዙ። ከተማው ውስጥ በመኪና አትግቡ። ከኤ1 አውራ ጎዳና ሳትወጡ ቪላ ኮስታንሳ የሚባል ማቆሚያ አለ፣ ከዚያ ትራም መሃል ከተማ ያደርሳችኋል። ሐሙስ በእግር። አርብ በጠዋት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ መኪናውን ሜስትሬ አቁሙ። ከዚያ ቬኒስ በባቡር 10 ደቂቃ ያህል ነው።

ባለታርጋው፦ ስለ ዜድ ቲ ኤል ማንም አልነገራትም? መሃል ከተማው ለተፈቀደላቸው መኪኖች ብቻ ነው። ካሜራው ታርጋ ያነባል፣ ቅጣቱ አከራዩ ዘንድ ይሄዳል፣ አከራዩ ደግሞ የራሱን ክፍያ ጨምሮ ከካርድሽ ይቆርጣል። እኔ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ ገብቼ ሁለቴ ተቀጥቻለሁ። ደብዳቤው የደረሰኝ ጉዞውን ከረሳሁት በኋላ ነው።

ጋሽ መሪው፦ ዜድ ቲ ኤል አትግቢ፣ ልጄ።

ባለታርጋው፦ አሁን እኮ አልኩት፣ ጋሼ።

ባለሻንጣዋ፦ እሺ፣ አማልፊ ቀረ። ባለቤቴ ግን ፒሳን ሐሙስ ግማሽ ቀን እናያታለን እያለ ነው።

የባቡር ወዳጅ፦ ከፍሎረንስ ፒሳ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡር አልኩ!

ቀስ በቀስ፦ እዚህ ላይ የባቡር ወዳጅ ልክ ነው። መኪናው ባለበት ይቁም። ቺንኩዌ ቴሬን ግን እርሱት።

ሦስተኛ ማርሽ፦ አንድ ነገር ብቻ። ቅዳሜ 6 ሰዓት ያልሽው፣ ውሉ ላይ 12፡00 ይላል ወይስ 06፡00? ከሜስትሬ ሚላኖ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው። 06፡00 ከሆነ ንጋት ላይ ማለት ነው፣ ሌሊቱን መንዳታችሁ ነው።

ሦስተኛ ማርሽ፦ ባለሻንጣዋ? ውሉን አየሽው?