ከዱቄትና ከውሃ የዳቦ እርሾ ማስነሳት፦ አምስተኛው ቀን ላይ ዝም ሲል

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ያለ ሱቅ እርሾ፣ በዱቄትና በውሃ ብቻ የሚነሳ የዳቦ እርሾ ስለ ማስጀመር ነው የምጠይቀው። በሁለተኛው ቀን ከጠርሙሱ ሊወጣ እስኪደርስ ኩፍ ብሎ ነበር። አሁን አምስተኛ ቀኑ ነው፤ አረፋ የለውም፣ ሽታውም ደስ አይልም። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። ልድፋው ወይስ ልጠብቅ? መጠኑንም በግራም ብትነግሩኝ፤ የማገኘው ሁሉ በኩባያ ነው።

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። እባክሽ እንዳትደፊው! ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ የሚጥለው ልክ በዚህ ቀን ነው፤ የሚጣለው ግን ደህናው እርሾ ነው።

በሁለተኛው ቀን ኩፍ ያደረገው ገና ይስት (ዳቦን የሚያነሳው፣ በዓይን የማይታይ ፈንገስ) አልነበረም። ዱቄት ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አለ። ውሃ ሲያገኙ ቀድመው የሚነሱት ጋዝ የሚያወጡት ናቸው፤ ሉኮኖስቶክ የሚባለው አንዱ ነው። ያ የሚከረፋ ሽታም የእነሱ ነው። እየሠሩ ሲሄዱ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ እነሱ ደግሞ ኮምጣጣ ነገር አይችሉምና ይዳከማሉ። አረፋው ድንገት የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አሲድ የሚችሉት ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎችና ዳቦውን የሚያነሳው ይስት ተራቸውን የሚይዙት ከዚህ በኋላ ነው። በመሀል ሁለት ሦስት ቀን፣ በብርድ ቤት ደግሞ ሳምንት ያህል፣ ምንም የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል።

በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ነገር አዘውትሮ መመገብ ነው። ዝም ሲል ርቦታል ተብሎ ቀን ሁለቴ ዱቄትና ውሃ ከተጨመረለት፣ የተጠራቀመው አሲድ ይቀጥንና ነገሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። በ24 ሰዓት አንዴ ይበቃዋል። አንድ ቀን ዘለሽ ማማሰል ብቻም ይቻላል። ማማሰሉን ግን አትተዪ፤ ላዩ እንዳይደርቅና እንዳይሻግት የሚያደርገው እሱ ነው።

መጠኑ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን 50 ግራም ገለባው ያልወጣለት የስንዴ ዱቄት በ50 ግራም ለብ ያለ ውሃ ይበጠበጣል። በሁለተኛው ቀን ማማሰል ብቻ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ከውስጡ 50 ግራም አስቀርተሽ ሌላውን ታስወግጂና 50 ግራም ዱቄት፣ 50 ግራም ውሃ ትጨምሪለታለሽ። ዱቄቱ ከዚህ በኋላ ግማሹ ፉርኖ ቢሆን ችግር የለውም። መጣሉ የሚያሳዝናቸው አሉ፤ ግን ስሌቱን እዪው፦ ሳይቀነስ በእኩል መጠን ከተመገበ 100 ግራሙ በማግስቱ 300፣ ከዚያ 900፣ በሦስተኛው ቀን 2 ኪሎ ከ700 ይሆናል። የመጀመሪያው ሳምንት ተራፊ ለምግብ አይሆንም፤ ውስጡ ገና የማይፈለጉ ባክቴሪያዎች አሉ። ጥሬውንም አትቅመሺው፣ ማሽተት ይበቃል።

ስለ ኩባያው፦ አንድ ኩባያ ዱቄት 125 ግራም ገደማ ነው፣ አንድ ኩባያ ውሃ ግን 240። እኩል በኩባያ የሚለካ ሰው ውሃውን እጥፍ ሊያደርስ ምንም አይቀረው። ቀጭን ሊጥ ደግሞ ጋዝ አይይዝም፤ አረፋው ላዩ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል እንጂ ሊጡ ከፍ አይልም። በሕይወት ያለ እርሾ የሞተ የሚመስለው እንዲህ ነው። ማንኪያ ሲነሳ በዝግታ የሚወርድ፣ እንደ ወፍራም ገንፎ ያለ ሊጥ ነው የሚፈለገው። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ግዢ። ባዶውን ጠርሙስ መዝኚና ክብደቱን ከታች በማርከር ጻፊበት፤ ውስጡ ስንት ግራም እንደቀረ ሳትገለብጪ ታውቂያለሽ።

ሁለተኛ ምላሽ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ስለ ብርዱ ልጨምር።

እርሾ የሚወደው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ነው። በ18 ዲግሪ አይሞትም፣ ግን በጣም ይዘገያል፤ በሳምንት ይደርሳል የተባለው ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ኦቨኑን ሳያበሩ የውስጡን መብራት ብቻ አብርቶ እዚያ ማስቀመጥ ይቻላል። ሆኖም በቴርሞሜትር ለኩት፤ አንዳንዱ መብራት ተዘግቶ ሲያድር ከ35 ዲግሪ በላይ ያሞቃል። ወደ 40 ከተጠጋ ይስቱ ይጎዳል። ሞቆ ካገኛችሁት በሩን ትንሽ ከፈት አድርጉት። ሌላ ሰው ሳያይ ኦቨኑን እንዳይለኩሰውም ማብሪያው ላይ ወረቀት ለጥፉ። ይህን የምለው በቁም ነገር ነው፤ ብዙ እርሾ ተጋግሮ የቀረው በዚህ ነው። የቤት ማሞቂያው ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ ከታች ይቀቅለዋል፣ ከላይ ያደርቀዋል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው በሰፊ ዕቃ ክፍቱን ቢያድር ይለቀዋል። ክሎራሚን የሚባለው ሌላው የውሃ ማከሚያ ከሆነ ግን በማሳደር አይወጣም፤ በከሰል ማጣሪያ የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። የትኛው እንደሚጨመር የከተማውን ውሃ አቅራቢ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።

የዱቄቱን ጽሑፍም አንብቡ፤ በተለይ በውጭ አገር ለሚኖር፣ ለአገሩ ቋንቋ አዲስ ለሆነ ሰው ይህ ዋና ወጥመድ ነው። አንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው አብሮ የገባበት ዱቄት ይሸጣል። ለኬክ ጥሩ ነው፣ ለእርሾ አይሆንም። የይዘት ዝርዝሩ ላይ ከዱቄት ሌላ የሚያነሳ ነገር ከተጻፈ ተዉት። በኬሚካል የነጣ ዱቄትም ያዘገያል። ራይ የሚባለውን እህል ዱቄት ካገኛችሁ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚስተካከለው የለም። ይስቱና ባክቴሪያው የሚበዛው ገለባው ላይ ስለሆነ ከነፍሩሽካው የተፈጨ ሁሉ ቶሎ ይነሳል።

አዲስ ለሚጀምር ደግሞ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በውሃው ፈንታ ስኳር ያልተጨመረበት የአናናስ ጭማቂ ማድረግ ይቻላል። ጭማቂው ከመነሻው ኮምጣጣ ስለሆነ እነዚያን የሚከረፉ ባክቴሪያዎች ይገታቸዋል፣ የዝምታውም ጊዜ ያጥራል። በሦስተኛው ቀን ወደ ውሃ ይመለሳል።

ጥያቄ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ላዩ ላይ ጠቆር ያለ ውሃ አቅርሯል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ተበላሸ ማለት ነው? መድረሱንስ በምን አውቃለሁ?

ምላሽ፦

አልተበላሸም እህቴ፣ ርቦት ነው። ውሃውን ድፊው ወይም እዚያው አማስዪው፣ ከዚያ መግቢው። መነሳት ከጀመረ በኋላ እንዲህ ከሸተተ ግን የምግቡን መጠን ከፍ አድርጊለት፦ 20 ግራም እርሾ፣ 60 ግራም ዱቄት፣ 60 ግራም ውሃ።

የሚጣለው መቼ እንደሆነም ልንገርሽ። ሮዝ ወይም ብርቱካናማ መስመር ከታየበት፣ ወይም ጸጉር ያለው ሻጋታ ካበቀለ፣ ሁሉንም ነው የሚጣለው። ላዩን ገፍፎ ከሥሩ ማትረፍ የለም። ጠርሙሱ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ እንደገና ይጀመራል።

መድረሱን ለማወቅ ከመገብሽው በኋላ በሊጡ ልክ ጠርሙሱ ላይ ላስቲክ አስሪበት። በ25 ዲግሪ አካባቢ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እጥፍ ከሆነ፣ ያውም ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ደርሷል። አንድ ቀን ብቻ ኩፍ ማለቱን አትመኚው። ውሃ ላይ ከተንሳፈፈ ደርሷል የሚባለው ፈተና ብዙ ያሳስታል፤ የራይ ሊጥ በደንብ ደርሶም ሊሰምጥ ይችላል። በጎን ስታይው እስከ ታች ድረስ ትልልቅና ትንንሽ ቀዳዳ የተቀላቀለበት፣ ሽታው እንደ እርጎ ወይም እንደ ቀለል ያለ አቼቶ የሆነ፣ ላዩ እንደ ጉልላት ያበጠ ከሆነ ሰዓቱ ነው። ጉልላቱ መሀሉ ላይ መስረጎድ ሲጀምር የመጨረሻ ከፍታውን አልፎ መውረድ ጀምሯል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዳቦ ቀላል ይሁን፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 350 ግራም ውሃ፣ 100 ግራም የደረሰ እርሾ፣ 10 ግራም ጨው። ሊጡ በ25 ዲግሪ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከሰዓቱ ይልቅ መጠኑን እዪ፣ ከነበረበት በግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ሲጨምር ይበቃዋል። ከዚያ ቅርጽ አስይዘሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ክዳን ያለው ከባድ ድስት በ240 ዲግሪ በደንብ ከጋለ በኋላ 20 ደቂቃ ተከድኖ፣ 20 ደቂቃ ያህል ደግሞ ተከፍቶ ይጋገራል። ሳይቀዘቅዝ አትቁረጪው። ቀዝቅዞም ውስጡ ድድር ያለ፣ እንደ ሙጫ የሚጣበቅና ጥቂት ትልልቅ ዋሻ ያለው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ እርሾው ገና አቅም አላገኘም ወይም ሊጡ በቂ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። ወጣት እርሾ ለሁለት ሳምንት ያህል አዘውትሮ ሲመገብ ጉልበቱ ይጨምራል።

ተጨማሪ፦

ሁለት ነገር ተረስቷል። ጠርሙሱን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ብርጭቆው ሊፈነዳ ይችላል። ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀመጥ።

እርሾው ከጠነከረ በኋላ በየቀኑ መመገብ አያስፈልግም። መግባችሁት አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ከቆየ በኋላ ፍሪጅ ይግባ፣ በሳምንት አንዴ ይመገብ። ከመጋገር በፊት ግን አውጥታችሁ ሁለት ጊዜ መግቡት። ለመጠባበቂያ ከደረሰው ላይ ሁለት ማንኪያ ወስዳችሁ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ በስሱ ቀቡና በቤት ሙቀት አድርቁት። እንደ ቅጠል ሲሰባበር በደረቅ ዕቃ ይቀመጣል፤ በለብ ውሃ ረጥቦ ጥቂት ጊዜ ሲመገብ መልሶ ይነሳል። ተራፊውን ወደ ቧንቧ አትድፉት፣ ይደርቅና ይደፍነዋል። ዕቃውንም መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፤ ሙቅ ውሃ ሊጡን አብስሎ ያጣብቀዋል።