ኡቡንቱ ሰርቨር ዲስኩን አላይ አለኝ

ጠያቂ፣ ጅማ፦
ሰላም ወገኖች። ሄርማታ ላለ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ያገለገለ ዴል ፓወርኤጅ አር720 ሰርቨር ላይ ኡቡንቱ 22.04 እየጫንኩ ነው። ፍላሹ ይነሳል፣ ቋንቋና ኔትወርክ ያልፋል። ዲስክ ምረጥ የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ባዶ ነው። የአራቱም ዲስኮች አረንጓዴ መብራት በርቷል። የአባላቱ የሽያጭ መዝገብ ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው፤ በጣም ያሳስበኛል።

መልስ፦
ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ ፐርክ ኤች710 ከሆነ ዲስኩን በቀጥታ አያሳይም። መጀመሪያ ዲስኮቹን አዋህዶ እንደ አንድ የሚያሳይ ቨርቹዋል ዲስክ ሥራ። ሰርቨሩ ሲነሳ የካርዱን ሜኑ ለመክፈት ኮንትሮልና አር ተጫን። እኔ ብሆን ዳታውን ሁለት ዲስክ ላይ ደግሞ የሚጽፈውን ሬይድ 10 ነው የምመርጠው፤ ግማሹ ቦታ ቢሄድም አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራው አይቆምም። ዲስኮቹ ላይ የቆየ ዳታ ካለ ይጠፋል፣ አስብበት።

ሌላ መልስ፦
ያገለገለ ስለሆነ ዲስኮቹ «ፎሪን» ሊሉህ ይችላሉ። በሌላ ካርድ የተዋቀሩ ናቸው ማለት ነው። መጀመሪያ ያንን የቆየ ውቅር ክሊር አድርግ (አጥፋ)። የካርዱን ባትሪም እይ። መብራት ድርግም ሲል ዲስክ ላይ ገና ያልተጻፈውን የሚይዘው እሱ ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! እውነትም ፎሪን ይላል። ክሊር አድርጌ ሬይድ 10 ሠራሁ፣ ዲስኩ መጣ። ባትሪው ግን ሞቷል።

ሌላ መልስ፦
«ፎርስ ራይት ባክ» (ባትሪ ባይኖርም ዳታውን መጀመሪያ በካርዱ ሜሞሪ የሚያስይዘው) አለመመረጡን አረጋግጥ። ካልተመረጠ ካርዱ ራሱ ዳታውን በቀጥታ ዲስክ ላይ ወደሚጽፈው ራይት ስሩ ይወርዳል። ባትሪ እስክታገኝ ይዘገይብሃል እንጂ ለችግር አይሰጥህም።