የንባብ ክበባችን የኅዳር ውይይት ረቂቅ፦ ዓርብ ሳይደርስ ተናገሩ

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ይኸው። ሦስት ምሽት፣ አንድ መጽሐፍ፤ የስዊድናውያኑ የማይ ሾቫልና የፔር ቫሎ «የሚስቀው ፖሊስ»። ሳይጋቡ አብረው እየኖሩ፣ በፈረንጅ ከ1965 እስከ 1975፣ አሥር የወንጀል ልብወለድ ጽፈዋል። ሁሉንም «የአንድ ወንጀል ታሪክ» ነው ያሏቸው፤ ወንጀለኛው አገሩ ራሱ እንደሆነ ሊነግሩን። ርዕሳችን «ወንጀልና ማፈንገጥ በስቶክሆልም»። የጥናት ክበብ ድጎማው ዓርብ ይዘጋል። አምና ቀኑን ማን እንዳሳለፈብን አላነሣም።

ጋሼ ሪንከቢ፦ «ማፈንገጥ» ይውጣ። የሚያፈነግጥ በቅሎ ነው።

ተማሪው፦ ጋሼ፣ የሶሲዮሎጂ ቃል ነው፤ ኅብረተሰቡ ከለመደው መውጣት ማለት ነው። ሠርግ ላይ በፒጃማ የመጣ ሰው አፈንግጧል፤ ፖሊስ ግን አይጠራበትም። በ40 መንገድ 45 የነዳ ደግሞ ሕግ ጥሷል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህ ልዩነት ከወጣ ምን ልንወያይ ነው?

ማታ ፈረቃ፦ «ነውር» ቢባልስ?

ተማሪው፦ ነውር ፍርድ ነው። እኛ እኮ ማን እንደሚፈርድ ነው የምናጠናው።

ጋሼ ሪንከቢ፦ በደርግ ጊዜ «አናርኪስት» የተባለ ልጅ ምን እንደሠራ የጠየቀ አልነበረም። ስሙ በቃ። «አፈንጋጭ» ስትሉኝ ያው ነው የሚሸተኝ።

ተማሪው፦ ጋሼ፣ ይህንኑ እኮ ነው አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሃዋርድ ቤከር በፈረንጅ 1963 የጻፈው። አፈንጋጭ ማለት ሌሎች ስሙን የለጠፉበት ሰው ነው። ኋላም በ1996 ዓ.ም. «አደገኛ ቦዘኔ» የሚል አዋጅ ወጥቶብን የለ?

ጋሼ ሪንከቢ፦ ቤከር እንግዲህ እኔን ሰምቶ ይሆናል። ቃሉ ይውጣ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ አንድ ቃል ስንት መልስ! አዳራሹን ማን ይይዛል? ቡናውን ማን ያፈላል? ባለፈው ጀበናውን ያመጣሁ እኔ፣ ጆሮው ተሰብሮ የተረከብኩ እኔ።

ተማሪው፦ «ከደንብ መውጣት» ብንለውስ?

ጋሼ ሪንከቢ፦ የማን ደንብ?

ተማሪው፦ ጥያቄው እሱ ነው አልኩ እኮ!

ጋሼ ሪንከቢ፦ አትጩህብኝ።

ሰብሳቢ፦ ኧረ ተዉ በናታችሁ።

ማታ ፈረቃ፦ መጽሐፉን ላንሣው? ኖቬምበር 13፣ 1967፣ ዝናብ ይወርዳል። ፖሊሱ አሜሪካ ኤምባሲ በር ላይ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ወጣቶች ሲያባርር፣ ኖራ ስታሾንስጋታን የሚባል የስቶክሆልም መንገድ ላይ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በጥይት ያልቃል። ፖሊስ አደገኛ ብሎ የጠበቀው ሰልፈኛውን ነበር። ከሟቾቹ አንዱ አልጄሪያዊ ስደተኛ ነው። ያን ቦታ ከሥራ ስመለስ ሌሊት አውቶቡስ ላይ ነው ያነበብኩት። ቀና ስል ከእኔ ሌላ አራት ሰው አለ፣ ሁሉም እንደኔ ጥቁር፣ ሁሉም እንቅልፍ የጣለው። ከፌርማታዬ ቀድሜ ወረድኩ። ሁለተኛውን ምሽት በዚህ እመራለሁ።

ጋሼ ሪንከቢ፦ ጎሽ የኔ ልጅ። ይህን ስትጽፊ «ማፈንገጥ» አስፈለገሽ?

ተማሪው፦ ዋናው እኮ ገዳዩ ነው! የተከበረ ነጋዴ፤ የድሮ ግድያውን ለመሸፈን ነው አውቶቡሱን የፈጀው። ያኔ የገደላትን ሴት ሁሉም «ባለጌ» ይላታል፣ እሱን «ጌታዬ»። ሶሲዮሎጂስቱ ሜርተን በ1938 ያለው ይኸው ነው፦ ሁሉም የሚመኘውን ሀብት እየተመኘ፣ የተፈቀደውን መንገድ ግን የጣለ ሰው።

ማታ ፈረቃ፦ ስልሳ ገጽ ቀርቶኝ ነበር።

ተማሪው፦ ውይ። መጽሐፉ የ1968 ነው እኮ፣ እህቴ።

ማታ ፈረቃ፦ እኔ ደግሞ የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ አለኝ። ስሜን ከሁለተኛው ምሽት አውጡ።

ሰብሳቢ፦ ሁለተኛውን ምሽት የሚመራ?

ሰብሳቢ፦ ሰው የለም?

የሶልና ልጅ፦ ለምን ቦታውን ሄደን አናየውም? በአውቶቡስ። ልጆቹም ከተማውን ያያሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጆች ከመጡ የተሳታፊ ቁጥር ይሞላልናል። እስካሁን ስድስት ነን፣ አንዷ አኩርፋለች።

ተማሪው፦ ለልጆች ስለ ጅምላ ግድያ ልንነግር ነው?

የሶልና ልጅ፦ ግድያውን ማን ያነሣል?

ሰብሳቢ፦ እሺ፣ አራተኛ ረቂቅ። «ሥነ ጽሑፍና ከተማ፦ ጉዞ ከልጆች ጋር»። አንድ ቅዳሜ። መጽሐፉ ከጉዞው በኋላ ቡና ላይ ይነሣል።

ተማሪው፦ ሶሲዮሎጂውስ?

ሰብሳቢ፦ እሱም ቡና ላይ።

ጋሼ ሪንከቢ፦ «ማፈንገጥ» ወጣ አይደል? በሉ እኔ ጋ አዲስ ጀበና አለ፣ አመጣለሁ።

ተማሪው፦ እኔ ቅዳሜ አይመቸኝም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሙስ ነው፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት። ሁለት ፊርማ ይቀረናል። ማታ ፈረቃ ስልክ አታነሣም፤ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ በር ላይ የሚጠብቃት ማነው?