ቀለም ፊልም ቤት ውስጥ ማጠብ፦ 38 ዲግሪን ያለ መብራት እንዴት ትይዙታላችሁ?

አራት ኪሎ 35፦
ሰላም ወገኖች። ኮዳክ ጎልድ 200 በሲ-41 (በ38 ዲግሪ ሙቀት የሚሠራው የቀለም ፊልም ማጠቢያ ዘዴ) የዱቄት ኪት (1 ሊትር የሚሆነው) እና በፓተርሰን ታንክ (ብርሃን የማያስገባ ማጠቢያ ዕቃ) እያጠብኩ ነው። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ መብራትም እንዳሻው ይሄዳል፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ መተማመን አልችልም። ኔጋቲቮቹ ሳስተው ይወጣሉ። ስካን ሲደረጉ ጥላው ወደ አረንጓዴ፣ ነጩ ወደ ሮዝ ያደላል። ዴቨሎፐሩን (ምስሉን የሚያወጣውን ኬሚካል) ስጨምር ቴርሞሜትሩ 38 ይላል። ጥፋቱ ከካሜራው ነው ከእጥበቱ? ብሊክስ (ከዴቨሎፐሩ ቀጥሎ የሚገባው፣ ብሩን ከፊልሙ የሚያስወግደው ኬሚካል) ላይ ደግሞ የታንኩ ክዳን ለምንድን ነው የሚነፋው?

ጨለማ ክፍል፦
መጀመሪያ የፊልሙን ጠርዝ እየው። እዚያ ያለው ስምና ቁጥር ብርሃን የተመታው ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ ካሜራህ አይነካውም። ጽሑፉ ጠቆር ብሎ በደንብ እየተነበበ ምስሉ ብቻ ከሳሳ፣ ስታነሳ ብርሃን አንሶሃል። ጽሑፉም አብሮ ከደበዘዘ ጥፋቱ ከእጥበቱ ነው። ከቀለሙ አነጋገርህ ግን ሁለተኛው ይመስለኛል። ጥላው ወደ አንድ ቀለም፣ ነጩ ወደ ሌላ ሲሸሽ ሦስቱ የቀለም ንብርብሮች እኩል አልታጠቡም ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ ስካነር ላይ አስተካክለህ አትጨርሰውም።

ያነበብከው 38 የጠርሙሱ ነው። ታንኩና ሪሉ (ፊልሙ የሚጠቀለልበት) የክፍሉን ሙቀት እንደያዙ ናቸው፤ በክረምት ጠዋት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ያ ከ20 በታች ይሆናል። የምትጨምረው 290 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ወዲያው ይቀዘቅዛል። እጥበቱ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው፤ የጎደለው ሙቀት የሚካስበት ጊዜ የለም።

ማሞቂያ ሳይኖር ይሠራል። ለሽርሽር የሚያዘውን አይስ ቦክስ ውሰድ፤ ከሳፋ በጣም የተሻለ ሙቀት ይይዛል። እኛ ከተማ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 3 ሊትር የፈላ ከ7 ሊትር የቧንቧ ውሃ (18 ዲግሪ ገደማ) ጋር ስታዋህድ 40 አካባቢ ይመጣልሃል። ሁለቱን የኬሚካል ጠርሙሶችና ፊልም የተጫነበትን ታንክ እስከ አንገታቸው ንከራቸው። ከዚያ ታንኩ ውስጥ 39 ዲግሪ ውሃ ጨምረህ 1 ደቂቃ አቆይና ድፋው፤ ውሃው ቀለም ይዞ ቢወጣ አትደንግጥ። ቀጥሎ ዴቨሎፐሩ፦ መጀመሪያ 10 ሰከንድ ሳታቋርጥ ገልብጥ፣ ከዚያ በየ30 ሰከንዱ 4 ጊዜ፤ በመሃል ታንኩ ወደ ውሃው ይመለሳል።

ዋናው ነገር፣ ዴቨሎፐሩን ወደ ጠርሙሱ ስትመልሰው ሙቀቱን ለካ። 35 ሆኖ ከወጣ መልስህን አገኘህ። ቴርሞሜትርህን ካላመንከው ከፋርማሲ ከሚገዛው ዲጂታል የትኩሳት መለኪያ ጋር አስተያየው፤ በዚህ ሙቀት አካባቢ ከብዙዎቹ የኩሽና ቴርሞሜትሮች የበለጠ ትክክል ነው።

ኦሬንጅ ማስክ፦
ክዳኑን የሚነፋው ጋዝ ነው። ዴቨሎፐሩ ውስጥ ካርቦኔት አለ፤ በሪሉ ላይ የቀረው ከብሊክሱ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በመሃል አንድ ጊዜ በሞቀ ውሃ አለቅልቀው፤ ብሊክሱን ከጨመርክ በኋላም መጀመሪያ ላይ ከእያንዳንዱ መገልበጥ በኋላ ክዳኑን ከፈት አድርገህ አስተንፍሰው። ጓንት አድርግ፤ ዴቨሎፐሩም ቆዳ ያስቆጣል።

ብሊክስ እንደ ዴቨሎፐር ሙቀት ላይ አይጨቃጨቅም። ኪቱ 6 ደቂቃ ተኩል ካለህ 8 ብታቆየው አይጎዳም፤ ካነሰ ግን ፊልሙ ላይ ብር (ማዕድኑ) ይቀራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ኮንትራስቱ ይጠነክራል። ያኔም አልጠፋም፤ ፊልሙን መልሰህ ብሊክስ ውስጥ ክተተው፣ መብራት በርቶም ቢሆን። ተቃራኒው ነው ጉዱ፦ ጥቂት ብሊክስ ዴቨሎፐሩ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ዴቨሎፐሩን ድፋው። ማንቆርቆሪያውም ማስረጊያውም ለየብቻ ይሁን።

ውሃ በፈረቃ ከሆነ የሚፈስ ቧንቧ አያስፈልግህም፤ ታንኩን ሞልተህ፣ አናውጠህ፣ መድፋት፤ 7 ጊዜ። 2 ሊትር ገደማ ይበቃል፣ ከጀሪካን።

ጊዮርጊስ ማዶ፦
ከ38 ጋር ከመታገል በ30 ዲግሪ 8 ደቂቃ ማጠብ አይሻልም? አንዳንድ ኪቶች ላይ ተጽፏል። ለመጨረሻው ስታቢላይዘርም (ፊልሙ ከመድረቁ በፊት የሚነከርበት ፈሳሽ) የባትሪ ውሃ ተጠቀም፤ የቧንቧው ነጠብጣብ ይተዋል።

ጨለማ ክፍል፦
@ጊዮርጊስ ማዶ፣ የኪቱ መመሪያ ካለው ይሠራል፤ ምስሉ ይወጣል። የቀለሙ ሚዛን ግን የተሠራው ለ38 ነው፤ እሱ የሚያማርረው ደግሞ ቀለሙን ነው። በውሃው እስማማለሁ፤ ብቻ ሲገዛ ዲስቲልዱን እንጂ አሲዱን እንዳይሰጡት ይጠንቀቅ። ስታቢላይዘሩን ደግሞ ፊልሙን ከሪሉ አውጥቶ በሌላ ዕቃ ያድርገው፤ ሪሉ ላይ ከደረቀ በሚቀጥለው ጊዜ ፊልም አያስገባም።

አራት ኪሎ 35፦
ጠርዙን አየሁት፤ ጽሑፉም ደብዛዛ ነው። ዴቨሎፐሩ የተበጠበጠው ከሁለት ወር በፊት ነው፣ ጠርሙሱም ግማሽ ነው።

ኦሬንጅ ማስክ፦
እንግዲያው ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ግማሽ ጠርሙስ ማለት ግማሹ አየር ነው፤ ኦክስጅኑ ይጨርሰዋል። በነጭ ብርጭቆ ቀድተህ እየው፤ እንደ ቡና ከጠቆረ አይሠራም፣ ሌላ ፊልም አታክስርበት። አዲሱን ስትበጠብጥ በሦስት ትንንሽ ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሙላና አንድ በአንድ ክፈት። የአምቦ ውሃ የብርጭቆ ጠርሙስ ይሆናል፤ ግን የአምቦውን ወረቀት ልጠህ «መርዝ» ብለህ ጻፍበት፣ ማቀዝቀዣ አጠገብም አታስቀምጠው።

አራት ኪሎ 35፦
ጠቁሯል። ደፋሁት።