የድሮ ፑላስኪ ከእንጨት እጀታ ጋር ይሻላል ወይስ አዲሱ ፋይበርግላስ? የምታውቁ እስቲ

የኮሎራዶው_ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ዴንቨር አቅራቢያ ባለች ትንሽ ከተማ በበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ገብቻለሁ፣ በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ የማርሻል እሳት ከሺህ በላይ ቤት ሲበላ ነው የተነሳሳሁት። ጥያቄዬ መሣሪያ ላይ ነው። ጋራዥ ሴል ላይ አንድ የድሮ ፑላስኪ በርካሽ አገኘሁ (ለማታውቁት፣ ባንድ በኩል መጥረቢያ በሌላው ዶማ የሆነ የደን እሳት መሣሪያ ነው)፣ ብረቱ ትንሽ ዝገት ከመያዙ በቀር አንደኛ ነው፣ እንጨቱ ግን ደርቆ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል። ጣቢያ የሰጡኝ ደግሞ አዲስ፣ ቢጫ የፋይበርግላስ እጀታ ያለው። ግቢ ውስጥ ሁለቱንም ሞከርኳቸው የእንጨቱ እጄ ላይ በጣም ተመቸኝ የጣቢያው ልጆች ግን እንጨት ጊዜ ያለፈበት ነው እያሉ ይስቁብኛል። እውነት ነው? ደሞ አባቴ ስልክ ላይ ስነግረው ውሃ ውስጥ ንከረው ያብጥና ይጠብቃል አለኝ፣ ልንከረው?

ሀንድክሩ_ኦሪገን
እንኳን ደህና መጣህ ወደ አቧራው 😄 ሲዝን ሲዝን የምሠራው ደን እሳት ላይ ነው፣ እኛ ጋ ክሩው ግማሹ እንጨት ግማሹ ፋይበርግላስ ይይዛል ማንም ጊዜ አለፈበት ሲል አልሰማሁም። መሣሪያው ራሱ እኮ መቶ ዓመት አልፎታል። ፑላስኪ የሚባለው ኤድ ፑላስኪ የአይዳሆ የደን ጠባቂ ነው፣ በነሐሴ 1910 ያ ትልቁ እሳት ሲነሳ ከ40 በላይ ሰው ዋላስ ከተማ አጠገብ ወዳለ የማዕድን ዋሻ አስገብቶ፣ ልውጣ ያለውን ሽጉጥ ደግኖ አስቀርቶ፣ አብዛኞቹን ያተረፈ ሰው። በዓመቱ ቤቱ ባለው ምድጃ መጥረቢያና ዶማውን አንድ አድርጎ ቀጠቀጠ ይባላል። ተመሳሳይ ነገር ከሱ በፊትም በ1876 አንድ ፋብሪካ አውጥቶ ነበር ስለዚህ ፈጠረው ለማለት ያከራክራል፣ ያስፋፋው ግን እሱ ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ የእንጨት እጀታ ማለት ሂከሪ (ጠንካራ የአሜሪካ እንጨት) ነው፣ 36 ኢንች። ሂከሪ የሚወደድበት ምክንያት ድንጋይ ስትመታ ንዝረቱን ራሱ ይውጠዋል፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ማቆሚያ መስመር ስትቆፍር ማታ ክንድህ ላይ ልዩነቱ ይታወቅሃል። ፋይበርግላስ ዝናብም ድርቀትም ምንም አይለው፣ መኪና ላይ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ለሚከርም መሣሪያ ጥሩ ነው። ግን ፀሐይ ብዙ ሲመታው ላዩ ይላጥና የመስታወቱ ክር ብቅ ይላል፣ ያለ ጓንት ያዘውና ታየዋለህ እሾኹን። ከትኩስ ፍም ጋርም አይስማማም። እኔን የሚያሳስበኝ ደሞ ሌላ ነው፣ እንጨት ሊሰበር ሲል ስንጥቁ ይታያል፣ ሌላው ግን ጭንቅላቱ ጋ ውስጥ ለውስጥ ሲላቀቅ ላታየው ትችላለህ።

አናጺው_ከሳሪስ
ወንድሜ አባትህን አክብረህ እሺ በለው፣ ግን አትንከረው። ውሃ ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፣ ብረቱ ግን ቦታ አይለቅለትም፣ ስለዚህ የእንጨቱ ክር ራሱን በራሱ ይጨፈልቃል፣ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል። ለአንድ ቀን ሥራ ይሆናል ላንተ ሥራ ግን ጭንቅላቱ ተነቅሎ ጓደኛህን ቢመታ ማን ይጠየቃል።

የኛ ዶማ እኮ ዛቢያው ከላይ ገብቶ በወፍራሙ ጫፍ ነው የሚያዘው፣ በወዘወዝከው ቁጥር ይጠብቃል፣ ቢላላም መሬት ላይ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ያንተ ግን እንደ መጥረቢያ ከታች ገብቶ ከላይ በሽብልቅ ነው የሚያዘው ስለዚህ ዋናው ሥራ ሽብልቁ ነው። አሮጌውን ከብረቱ ሥር በመጋዝ ቁረጠው፣ የቀረውን ከታች መትተህ በላይ በኩል አውጣው። እሳት ውስጥ ከተህ እንዳታቃጥለው!! ብዙ ሰው እንደዛ ያደርጋል፣ የብረቱ ስለት ጥንካሬው ይጠፋል ከዛ በኋላ ብትስለው ብትስለው አይይዝም።

አዲስ እጀታ ስትገዛ ቫርኒሽ የተቀባውን ተወው፣ ስንጥቅ ይደብቃል እጅም ያቁስላል፣ ወይ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። የታችኛውን ጫፍ እይ፣ የእንጨቱ መስመሮች ከስለቱ ጋር አንድ አቅጣጫ ይሂዱ፣ በጎን ደግሞ መስመሩ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ይበል፣ መሃል ላይ ወደ ውጭ የሚያመልጥ ከሆነ እዛው ጋ ነው የሚሰበረው። ልክ እስኪገባ በሞረድ ቀስ እያልክ አሳንሰው። ከዛ ብረቱን ወደ ታች አንጠልጥለህ የእጀታውን ቂጥ በእንጨት መዶሻ ምታው፣ ብረቱ ራሱ ወደ ላይ ሲወጣ ታያለህ፣ መጀመሪያ ሳየው እኔም ገርሞኛል። መጨረሻ ላይ ሽብልቅ፣ ትርፉን ቁረጥ፣ የተልባ ዘይት።

ጎንደሬ77
እኛስ? በእኛ 2011 ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያ መጣ፣ እናንተ ስለ ሂከሪ ታወራላችሁ 😅 ለጓሳ ሣር የትኛው ነው የሚሆነው?

ሀንድክሩ_ኦሪገን
@ጎንደሬ77 ልክ ነህ፣ ለሣር ፑላስኪ ብዙም አይጠቅምም። ለሣር እንጨት ጫፍ ላይ ወፍራም ጎማ የታሰረበት መምቻ አለ፣ ደቡብ አፍሪካ በጣም ይጠቀሙበታል፣ የመኪና ጎማ ቆርጦ እንኳ ይሠራል። ነበልባሉን አፍነህ አየር ትከለክለዋለህ እንጂ አናት አናቱን አትመታውም፣ እንደዛ ከመታኸው ብልጭታው ሌላ ሣር ላይ ይወድቃል። ሥሩና ቅጠል ብስባሹ ውስጥ የገባ እሳት ግን ዶማ ነው የሚያወጣው፣ የቤታችሁ ዶማ በቂ ነው። ለመምቻው ባህር ዛፍም ይበቃል።

አናጺው_ከሳሪስ
ለመምቻ አዎ ባህር ዛፍ ቀላል ነው። ለዶማ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ወይራ ካገኘህ እሱን፣ ይከብዳል እንጂ አይከዳህም።

ሃሊጋን_ቨርጂኒያ
እኔ የምሠራው ቤት እሳት ላይ ነው፣ እኛ ጋ ክርክሩ ይለያል። በር የምንከፍትበት ሃሊጋን ከ1948 ጀምሮ ሙሉ ብረት ነው፣ ለብቻው የሚገባ እጀታ የሚባል ነገር የለውም። ጣራ የምናፈርስበት ረጅሙ መንጠቆ ግን ፋይበርግላስ ቢሆን እመርጣለሁ፣ እርጥብ እንጨት ይዞ የኤሌክትሪክ ሽቦ መንካት ቀልድ አይደለም። መጥረቢያዬ ግን ሂከሪ ነው፣ አትንኩብኝ።

የኮሎራዶው_ልጅ
አመሰግናለሁ በጣም። ጣቢያ የሰጡኝን መኪናው ላይ እተወዋለሁ፣ አሮጌው ላይ ሂከሪ አስገባለሁ። የተልባ ዘይቱ ሱፐርማርኬት ያለው የሚበላው ይሆናል?

ሀንድክሩ_ኦሪገን
የሃርድዌር ሱቁን ውሰድ፣ ስስ አድርገህ ቀባ፣ አንድ ሰዓት ቆይተህ ትርፉን ጥረግ፣ ሲዝን ሳይጀመር ድገመው። የጠረግክበትን ጨርቅ ግን ጨብጠህ ጋራዥ ጥግ እንዳትጥለው፣ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የታጠፈ ጨርቅ በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው ወይ ውሃ ያለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተተው። እሳት አደጋ ቤት እሳት አደጋ እንዳይጠራ 🤣